ከሰው መቆጠር

በቋንቋችን አንድ ሰው በባልንጀራው ዘንድ መናቁን ሲናገር «ከቁብ አልቆጠረኝም» ይላል፤ መከበሩንም ሲናገር «ከሰው ቆጠረኝ» ይላል። ሁለቱም አነጋገሮች በቁጥር ላይ የቆሙ ናቸው። አልወደደኝም፥ አላመሰገነኝም አይልም፤ አልቆጠረኝም ይላል እንጂ። እኔ ይህን አነጋገር ከልጅነቴ ጀምሬ ስሰማውም ስናገረውም ኖሬ፥ ፍቺው የገባኝ ዕድሜዬ 50 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። የገባኝም በመጽሐፍ ምርምር ሳይሆን በገዛ እጄ በሠራሁት ስሕተት ስለ ሆነ፥ ነገሩን ከዚያው ከስሕተቴ ልጀምር።

በአዲስ አበባ በምኖርበት ሰፈር የአንድ እድር ጸሐፊ ሆኜ ብዙ ዓመት አገልግያለሁ። የእድር ጸሐፊነት ድካም እንጂ ሥልጣን የሌለበት ሹመት ነው። በየወሩ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባሎች ሲሰበሰቡ ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ ይቆምና በየተራው ስም ይጠራል። የመጣው «አለሁ» ይላል፤ ያልመጣው በስሙ ትይዩ «ቀሪ» ተብሎ ይጻፍበታል፤ በቂ ምክንያት ያላቀረበ እንደ ሆነም የቀሪ ቅጣት ይከፍላል። ስም በሚጠራበት ጊዜ ግማሹ ሰው ስለ ገበያ፥ ግማሹ ስለ ልጁ ትምህርት ያወራል፤ የገዛ ስሙ ሲቀርብ ብቻ ጆሮውን ያቀናል። እኔም ብዙ ጊዜ አሳቤ ሌላ ቦታ ሆኖ ምላሴ ብቻውን ይጠራ ነበረ።

አንድ ዓመት የመዝገቡ ጠርዝ ተበልቶ ቅጠሎቹም እየተገነጠሉ ስላስቸገሩን፥ በመስከረም ወር አዲስ መዝገብ ተገዛና ስሙን ሁሉ እንድገለብጥ ታዘዝሁ። ሦስት ማታ አምሽቼ ገለበጥሁ። በአንዱ ገጽ ግርጌ፥ በመጨረሻው መስመር ላይ የነበረውን ስም ግን ሳልጽፈው ወደሚቀጥለው ገጽ ተሻገርሁ። የማን ስም እንደ ነበረ ያወቅሁት ከ5 ወር በኋላ ነው።

ባለ ስሙ በጕብዝናቸው ጊዜ ግንበኛ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው ሞተውባቸው፥ ልጆቻቸውም በየአገሩ ተበትነውባቸው፥ በአንዲት ክፍል ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበረ። ዕዳ የሚባል ነገር ስለማይወዱ የዓመቱን መዋጮ በመስከረም አጠቃለው በአንድ ጊዜ ይከፍላሉ፤ ስለዚህ ገንዘብ ያዡ በየወሩ እርሳቸውን የሚፈልግበት ምክንያት አልነበረውም። ለቅሶ ቤት ድንኳን በሚተከልበት ጊዜ ደግሞ፥ ጎረምሶቹ ተክለው ዘወር ሲሉ፥ ሽማግሌው ድንጋይ ይዘው በዙሪያው እየዞሩ ካስማውን አንድ በአንድ መትተው ያጠብቁ ነበረ። ይህን ሥራ ያዘዛቸው ሰው የለም፤ በእድሩም ደንብ እንዲህ ያለ ሹመት አልተጻፈም። ያመሰገናቸውም ያለ አይመስለኝም።

በየካቲት ወር፥ ነፋስ በበረታበት ሰሞን፥ በሰፈራችን ሰው ሞተና ድንኳን ተተከለ። ከቀትር በኋላ ነፋሱ የድንኳኑን አንድ ወገን አንሥቶ በለቀስተኛው ላይ አዘነበለው። ጎረምሶች ሮጠው ገመዱን ሲይዙ ከእነርሱ አንዱ፥ «እኒያ ካስማ የሚመቱት አባባ ዛሬ የት ሄዱ?» ብሎ ጮኸ። እርሱ ዛሬ አለ፤ እኛ ግን እርስ በርሳችን ስንጠያየቅ ሽማግሌውን ካየናቸው ብዙ ጊዜ እንደ ሆነን ታወቀን። አንዱ ታመው ይሆናል አለ፤ ሌላው ወደ ልጆቻቸው ሄደው ይሆናል አለ። እኔም መዝገቡ ያውቃል ብዬ ቤቴ ገብቼ ገለጥሁት። በመዝገቡ ላይ መጡም ቀሩም የሚል የለም፤ ስማቸው ራሱ የለም። አሮጌውን አውጥቼ ሳስተያይ በገጹ ግርጌ ተቀምጦ አገኘሁት።

በማግሥቱ ከገንዘብ ያዡ ጋራ ወደ ቤታቸው ሄድን። በሩ ገርበብ ብሎ ነበረ። «አባቴ፥ እንደምን ሰነበቱ?» ብለን ገባን። ሽማግሌው እግዚአብሔር ይመስገን ብለው ተነሥተው ወንበር አቀረቡልን፤ ፊታቸው ላይ ቍጣ አላየሁም። ቍጣ አይቼ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበረ። ስሕተቴን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና እንዲህ አሉ።

«ልጄ፥ በጥቅምት ስሜ ሳይጠራ ሲያልፍ ጆሮዬን ጠረጠርሁ፤ እርጅና ነው፥ ጠርቶኝ ሳልሰማው ቀርቼ ይሆናል አልሁ። በኅዳር አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው፥ ጠራኝ ወይ? ብዬ ልጠይቀው ፈለግሁና አፈርሁ። ስሜ ተጠራ ወይ ብሎ ሰው እንዴት ይጠይቃል? በታኅሣሥ ግን አውቄ ቀረሁ። ቅጣት የሚጠይቀኝ ይመጣል ብዬ በሬን ሳልዘጋ ዋልሁ። በጥርም ቀረሁ። የሚቀጣኝ እንኳ አጣሁ።»

እኔ በዚህ ጊዜ ደንግጬ፥ ስሕተቱ የእኔ ስለ ሆነ የሁለቱ ወር ቅጣት የሚነሣበት ነገር አይደለም ብዬ መናገር ስጀምር ገንዘብ ያዡ እግሬን ረገጠኝ። እርሱ ትምህርቱ ከእኔ ያነሰ፥ ዐይኑ ግን ከእኔ የበራ ሰው ነው። «አባባ፥ የታኅሣሥና የጥር ቀሪ አለብዎ፤ ምክንያትም አላስታወቁም» አላቸው። ሽማግሌው ወዲያው ተነሥተው ከሣጥናቸው ብሩን አውጥተው ቆጠሩና ሰጡት፤ ደረሰኝም እንዲቆረጥላቸው ለመኑ። ደረሰኙን ሁለት ጊዜ አንብበው አጥፈው በኪሳቸው አኖሩት። ስንወጣ ቡና ሳትጠጡ አትሄዱም ብለው ተቈጡን፤ ይህ የመጀመሪያው ቍጣቸው ነበረ።

ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር ብዙ አሰላስየዋለሁ። ሽማግሌው ምን ጎደላቸው? የሰፈሩ ሰው በመንገድ ሲያገኛቸው ባርኔጣውን አንሥቶ ይሰላምላቸው ነበረ፤ ስለዚህ ክብር አልጎደላቸውም። ልጆቻቸው ገንዘብ ይልኩላቸው ነበረ፤ ስለዚህ ቀለብ አልጎደላቸውም። የጎደላቸው፥ ቢቀሩ መቅረታቸው የሚታወቅበት ስፍራ ነበረ። እኔም ቅጣታቸውን ልምራቸው ብዬ በነበረ ጊዜ፥ በደግነት አሳብ ስማቸውን ከመዝገቡ ሁለተኛ ልፍቅ ነበረ። በሌለ ሰው ላይ ቅጣት አይጻፍምና።

የነፍስን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት ይህን ነገር ዘግይተውም ቢሆን ደርሰውበታል። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ በ1890 ስለ ሥነ ልቡና ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ፥ በሰው መካከል እየኖሩ እንደሌሉ ሆኖ መታለፍ በሥጋ ላይ ከሚደርስ ሥቃይ እንኳ የሚከፋ ቅጣት እንደ ሆነ ተናግሮአል። ጄምስ የተናገረው በማስተዋል ነው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት በፈተና አይተውታል። በ2000 ኪፕሊንግ ዊልያምስ የሚባል መምህር ከባልደረቦቹ ጋራ ሆኖ ባሳተመው ጥናት፥ ሰዎች በኮምፒዩተር አማካይነት ኳስ እየተቀባበሉ የሚጫወቱ መስሎአቸው ሳለ ኳሱ ወደ እነርሱ መምጣቱን እንዲያቋርጥ ተደረገ። ጨዋታው የጥቂት ደቂቃ ነው፤ አብሮ የሚጫወተውም ፊቱን አይተውት የማያውቁት፥ ወደ ፊትም የማያዩት ሰው ነው። እንዲህም ሆኖ ኳሱ የቀረባቸው ሰዎች አዘኑ። እንግዲህ በአንዲት ከንቱ ኳስ ሰው እንዲህ ከሆነ፥ ሠላሳ ዓመት በተቀመጠበት ማኅበር ስሙ ሳይጠራ ሲያልፍ ምን ይሆን?

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የረዳኝ ሞሪስ ሮዘንበርግ የተባለው አሜሪካዊ የኅብረተሰብ መርማሪ ነው። ይህ ሰው በ1981 ከአንዲት የሥራ ባልደረባው ጋራ ባወጣው ጽሑፍ፥ በወላጆቹ ዘንድ ቁም ነገር የለኝም ብሎ የሚያስብ ወጣት ለራሱ ያለው ግምት ዝቅ ያለ፥ ትካዜውና ጭንቀቱም የበዛ መሆኑን አሳይቶአል። ከሰው መቆጠር ምን እንደ ሆነ ሲተነትን፥ መጀመሪያ መታየት ነው ይላል፤ ቀጥሎም ስለ እኛ የሚያስብ ሰው መኖሩ ነው። በዚህ አላበቃም። እኛ በሌላው ሰው መደገፋችን ብቻ አይደለም፤ ሌላው ሰው በእኛ መደገፉም ከመቆጠር የሚገባ ነው አለ። ይህን ሳነብ የድንኳኑ ካስማ ትዝ አለኝ። እናቴም ትዝ አለችኝ።

እናቴ አባቴ ከሞተ በኋላ በመጨረሻው ዘመንዋ ከእኔ ጋራ ትኖር ነበረ። ልጅ ለእናቱ የሚያደርገውን ሁሉ አደረግሁ ብዬ እመካ ነበረ። ውኃ አትቅጂ፥ እሳት አትንኪ፥ ቡናውን ልጆች ያፍሉት፥ አንቺ ድካምሽን ጨርሰሻል፥ አርፈሽ ተቀመጪ እያልን ከእጅዋ ሥራውን አንድ በአንድ ወሰድንባት። እርስዋም በመስኮቱ አጠገብ አርፋ ተቀመጠች። ምግብዋ እየቀነሰ፥ እንቅልፍዋ እየበዛ ሄደ። ሐኪም ምንም ሕመም አላገኘባትም።

አንድ ቀን ባለቤቴ ታመመችና የሚለቀም ምስር በሰፌድ እንደ ተሰጣ ቀረ። እናቴ ማንንም ሳትጠይቅ ሰፌዱን በጕልበትዋ ላይ አኑራ ስትለቅም ዋለች፤ ማታ እንድትተኛ ስንለምናት አልጨረስሁም ብላ እንቢ አለች። በማግሥቱም ሌላ አላችሁ ወይ? አለች። ባለቤቴ ነገሩን ስላስተዋለች ከዚያ በኋላ ምስሩን በየጊዜው ለእርስዋ ትሰጣት ጀመር፤ እናቴም ከመስኮቱ ተነሥታ ከእኛ ጋራ ተቀመጠች። እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበረ። ዳሩ ግን አንድ ጊዜ በቤት የሚለቀም ምስር በመጥፋቱ ባለቤቴ እናቴን ለማስደሰት ብላ አስቀድሞ የተለቀመውን ምስር በሰፌድ አድርጋ አቀረበችላት። እናቴ ጣቶችዋን ሁለት ጊዜ አዘዋውራ አየችው፤ ከዚያም ሰፌዱን ቀስ ብላ ገፋ አድርጋ «ይህ የተለቀመ ነው» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ያን ቀን ማታ እንደ ድሮው በመስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች።

ባለቤቴ ይህን እስከ ዛሬ ስታስታውስ ታለቅሳለች። እኔም እልቅ ነው ያልሁትን ፍቅራችንን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠረጠርሁት። ሽማግሌን ለማስደሰት ሲባል የተፈጠረ ሥራ፥ ሽማግሌው ሕፃን ካልሆነ በቀር፥ ይታወቃል፤ በታወቀም ጊዜ ሥራ ከማጣት ይልቅ ያሳዝናል። በምስሩ ውስጥ እውነተኛ ጠጠር መኖር አለበት።

በአሜሪካ በኮኔቲከት ግዛት በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን የሚባሉ ሁለት ሴቶች መርማሪዎች የሠሩትን ሥራ በ1976 አሳትመዋል። ለአንዱ ወገን አረጋውያን የየራሳቸው ተክል ተሰጣቸውና ውኃ የማጠጣቱ ነገር የእናንተ ነው ተባሉ፤ ሌላም ሌላም ነገር ራሳቸው እንዲመርጡ ተፈቀደላቸው። ለሌላው ወገን ደግሞ ተክሉን ሰጥተው፥ ውኃውን አስታማሚዎቹ ያጠጡላችኋል አሏቸው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ይልቅ የነቁና የተንቀሳቀሱ ሆነው ተገኙ። ይህ ሁሉ የተክሉ ሥራ ነው ልል አልችልም፤ ምርጫውም ድርሻ አለውና። ሆኖም ተክሉ ውሸት አያውቅም፤ ውኃ ያላገኘ እንደ ሆነ ይደርቃል። የእናቴ ሰፌድ ያጣው ይህን ነው።

ይህን አሳቤን ለአንድ ወዳጄ ለሆኑ ካህን ባጫወትኋቸው ጊዜ አልተቀበሉኝም። «ሰው ልቈጠር፥ ልታይ ማለቱ ትዕቢት አይደለምን? አባቶች ከሰው ተሰውረው በበረሃ የኖሩት ይህን ፍላጎት ለማጥፋት አይደለምን?» አሉኝ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም። በእውነትም በዘመናችን በእጅ ስልክ ፊቱንና ምግቡን እያሳየ ሺህ ሰው አየኝ ብሎ የሚያድር፥ ሲነጋም ሁለት ሺህ የሚመኝ ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን ይህን ከዚያ እለየዋለሁ። የከበሬታ ወንበር የሚፈልግ ሰው ከሌሎች በላይ ስሙ እንዲጠራ ይፈልጋል፤ ሽማግሌው ግንበኛ የፈለጉት ስማቸው በተራው፥ ከአንዱ በኋላና ከሌላው በፊት እንዲጠራ ብቻ ነው። ሺህ ሰው የሚያየው ሰው ነገ ቢቀር ሺሁ ሌላ ያያል፤ እኒህ ቢቀሩ ግን ድንኳን ያዘነብላል። ካህኑ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። በሚቀጥለው ሳምንት በመንገድ ሲያገኙኝ ግን ከሰላምታ አስቀድመው «ባለፈው እሑድ በቅዳሴ አላየሁህም፤ ምን ሆንህ?» አሉኝ። መልሱን እርሳቸው ራሳቸው እንደ ሰጡኝ አልነገርኋቸውም፤ ደስ ብሎኝ ብቻ ጉንፋን ይዞኝ ነበረ አልሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ይህ ነገር የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሚሆንበት ጊዜ አለና። በሳንፍራንሲስኮ ከተማ ጀሮም ሞቶ የሚባል የአእምሮ ሐኪም ነበረ። በብርቱ ትካዜ ወይም ራስን በማጥፋት አሳብ ምክንያት ወደ ሐኪም ቤት ገብተው ከወጡ በኋላ ሕክምናውን አንቀጥልም ያሉ 843 ሰዎችን ለሁለት ከፈላቸው። ለአንደኛው ወገን 5 ዓመት ሙሉ አጫጭር ደብዳቤ እንዲጻፍላቸው አደረገ፤ መጀመሪያ በየወሩ፥ ኋላም እየራቀ በየሦስት ወሩ። ደብዳቤው ተመለሱ አይልም፥ መድኃኒት ዋጡ አይልም፥ ምክርም የለበትም፤ እንደምን እንደ ሆናችሁ እናስባለን፥ ልትጽፉልን ብትወዱ ደስ ይለናል የሚል አሳብ ያላቸው ሁለት ሦስት መስመሮች ብቻ ናቸው። ሞቶና የሥራ ጓደኛው በ2001 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደ ታየው፥ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ደብዳቤ ከደረሳቸው ይልቅ ካልደረሳቸው መካከል ራሳቸውን ያጠፉት በዝተው ተገኙ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ይህን በሌላ አገር ሲሞክሩ ሁልጊዜ ያን ያህል አልሰመረም፤ ስለዚህ ደብዳቤ ሁሉን ይፈውሳል አልልም። እኔን ያስደነቀኝ ደብዳቤው መመለሱ ነው፤ መልስ ሳያገኝ እንኳ በወሩ መመለሱ። ሽማግሌው ሁለት ወር ሙሉ በራቸውን ገርበብ አድርገው የጠበቁት ይህን ነበረ፤ እኔ ደግሞ አልጻፍሁላቸውም።

ሽማግሌው ከዚያ በኋላ 6 ዓመት ኖሩ። ስማቸው በሚጠራበት ጊዜ «አለሁ» የሚሉት ከሚያስፈልገው በላይ ጮኸው ስለ ነበረ ጎረምሶች ይሥቁ ነበረ፤ እርሳቸውም አብረው ይሥቁ ነበረ። አንድ ቀን ገና ሳይነጋ ጡሩምባ ነፊው በመንደሩ እየዞረ ስማቸውን ሲጠራ ሰማሁ። ድንኳናቸው በተተከለ ጊዜ ድንጋይ ፈልጌ ካስማውን ልመታ ዞርሁ፤ ሥራው እንደሚመስለው ቀላል አይደለም፥ በሁለተኛው ካስማ ላይ አውራ ጣቴን ቀጠቀጥሁ።

አሁን ጸሐፊነቱን ለአንድ ወጣት አስረክቤ እኔም ከአባሎቹ መካከል በአግዳሚው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ወጣቱ ስም ሲጠራ እንደ እኔው አሳቡ ሌላ ቦታ እንደ ሆነ ከድምፁ አውቃለሁ። አጠገቤ ከተቀመጠው ሰው ጋራ ስለ ገበያና ስለ ዝናቡ አወራለሁ። ስሜ ሊጠራ ሁለት ሰው ሲቀረው ግን ወሬዬን አቋርጣለሁ።